ሪያሊቲስካን 2.0 በወና ቤት ውስጥ፦ ለአስፈሪ ጌም ምን ያህል ያዋጣል?

አዲስ የተቀባ ግድግዳ የፎቶግራሜትሪ (ተደራራቢ ፎቶዎችን ወደ 3ዲ ቅርጽ የመቀየር ሥራ) ጠላት ነው። ሶፍትዌሩ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው የሚከተለው ነጥብ ያጣል። ቀለሙ የተላጠ፣ ሻጋታ ያወጣ፣ ጣሪያው ያፈሰሰበት ወና ቤት ግን በየመዳፉ ስፋት የራሱ ምልክት አለው። አስፈሪ ጌም የሚሠራ ሰው የሚመኘው ቤትና ይህ ዓይነቱ ሶፍትዌር የሚወደው ቤት የተገጣጠሙት በዚህ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠራውን ሪያሊቲስካንን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቀድሞ ስሙ፣ ሪያሊቲካፕቸር ተብሎ ነው። የሠራው ካፕቸሪንግ ሪያሊቲ የተባለ የስሎቫኪያ ኩባንያ ሲሆን የጌም መሥሪያው የአንሪል ኢንጂን ባለቤት ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2021 ኩባንያውን ገዛው። በ2025 ቁጥር 2.0 ሲወጣ ስሙ ተቀየረ፤ ቀድሞ ሪያሊቲስካን ይባል የነበረው የስልክ መተግበሪያም ሪያሊቲስካን ሞባይል ሆነ። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። እዚህ የሚገመገመው የኮምፒውተሩ ነው።

ፍርዱ ከፊት ይቅደም። ለግድግዳ፣ ለወለልና ለፍርስራሽ ክምር በዋጋውም በፍጥነቱም የሚስተካከለው ማግኘት ይከብዳል። አንድን ቤት ሙሉ ስካን አድርጎ እንዳለ ጌም ውስጥ ለመክተት ለሚያስብ ሰው ግን ልፋት ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

ዋጋውና የሚፈልገው ኮምፒውተር

ዓመታዊ ገቢው ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሆነ ግለሰብ ወይም ድርጅት፣ እንዲሁም ለተማሪና ለአስተማሪ ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ለሆነ በአንድ ተጠቃሚ በዓመት 1,250 ዶላር ይከፈላል። ከ2024 በፊት በነበረው አሠራር ፎቶ በገባ ቁጥር የሚከፈልበት መንገድ ነበር፤ ያ ቀርቷል። ካርድ አጥቶ የውጭ አገር ክፍያ ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚወርደው በኤፒክ ጌምስ ላውንቸር በኩል ስለሆነ የኤፒክ አካውንት ያስፈልጋል።

የማይደራደርበት አንድ ነገር አለ፦ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ። ሜሽ (ከትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች የተሠራው የ3ዲ ቅርጽ) እና ቴክስቸር (ቅርጹ የሚለብሰው ምስል) የሚሠሩት በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ብቻ በሚሄደው ኩዳ ስለሆነ ኤ.ኤም.ዲ. ካርድ ያለው ኮምፒውተር ፎቶዎቹን ከማገጣጠም አያልፍም። ማክ ላይ አይሠራም፤ ዊንዶውስ ያስፈልጋል። ራም 16 ጊጋባይት ካለ መነሻ ይሆናል፣ 32 ካለ ይመቻል። ሥራውን ቆራርጦ በዲስክ ላይ ስለሚያስኬደው ራም ሲያንስ ይዘገያል እንጂ በቀላሉ አይወድቅም። በምትኩ ዲስክ ይበላል። የአንድ ክፍል ሥራ ጊዜያዊ ፋይል በአሥር ጊጋባይቶች ስለሚቆጠር የካሽ ቦታውን ከሲ ድራይቭ አውጥታችሁ ሰፊ ኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ አድርጉት። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ደግሞ ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ ፕሮጀክቱን አስቀምጡ፤ ዩ.ፒ.ኤስ. ከሌለ ሌሊት ላይ ከባድ ሜሽ አታስጀምሩ።

ፎቶው፦ ሥራው የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ነው

ሶፍትዌሩን ከመውቀስ በፊት የሚመረመረው ፎቶው ነው። በጣም የተለመደው ስህተት ክፍሉ መሃል ቆሞ በቦታ ላይ እየዞሩ ማንሳት ነው። ካሜራው ቦታ ካልቀየረ ሶፍትዌሩ ርቀት ማስላት አይችልም፤ መቶ ፎቶ ቢነሳም ከአንድ ዓይን የታየ ነው። ትክክለኛው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆኖ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን መሄድ ነው፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ ፎቶ።

ቁጥሩን እናስላው። 24 ሜጋፒክስል የሚያነሳ ፉል ፍሬም ካሜራ ከ24 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ከግድግዳው 2 ሜትር ርቆ ሲቆም አንድ ፎቶ 3 ሜትር ስፋትና 2 ሜትር ቁመት ይይዛል። የፎቶው ስፋት 6000 ፒክስል ስለሆነ ለአንድ ሜትር 2000 ፒክስል ይደርሳል፤ አንድ ፒክስል ግማሽ ሚሊሜትር ማለት ነው። ለጌም ግድግዳ በሜትር 1024 ፒክስል በቂ ስለሆነ ለማጽዳትና ለመቁረጥ የሚሆን ትርፍ አለ። ፎቶዎቹ 75 በመቶ እንዲደራረቡ በየ75 ሴንቲሜትሩ አንድ ማንሳት ይጠይቃል። ቁመቱ 3 ሜትር ለሆነ ክፍል ሦስት ረድፍ ይያዝ፦ ካሜራው በጉልበት፣ በደረትና ከራስ በላይ ከፍታ። 5 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ዙሪያ 18 ሜትር ነው፤ 24 እርምጃ በሦስት ረድፍ 72 ፎቶ ይሆናል። ወለሉ፣ ኮርኒሱ፣ አራቱ ጥጎች፣ በርና መስኮቱ ሲጨመሩ ከ180 እስከ 220 ፎቶ ይዛችሁ ውጡ። በ80 ፎቶ ጨረስኩ የሚል ሰው ቤት ሲገባ ጥጎቹ ቀልጠው ያገኛቸዋል።

በር ለብቻው መነገር አለበት። ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ስታልፉ ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ላይ የሚታዩባቸው ፎቶዎች ካልኖሩ ሶፍትዌሩ ቤቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከመቃኑ አንድ ሜትር ተኩል ቀድማችሁ ጀምሩ፣ በግማሽ እርምጃ እየሄዱ ከ10 እስከ 12 ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ዞራችሁ በመጣችሁበት በኩል ያንኑ ድገሙ።

የካሜራው ቅንብር አጭር ነው። ዙም አይነካም። ኤፍ 8፣ አይ.ኤስ.ኦ. ከ100 እስከ 400፣ ኋይት ባላንስ የተቆለፈ፣ ፋይሉ ሮው። ብርሃን ካነሰ ትራይፖድ አውጥታችሁ ሹተሩን አዘግዩት፤ የደበዘዘ ፎቶ ከሌለው ፎቶ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሌሎቹንም ይዞ ይሳሳታል። ከመጀመራችሁ በፊት የቀለም ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ይዛችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ባለ 24 ቀለሙ ሰሌዳ ከሌለ ቢያንስ ግራጫ ካርድ ይኑር። የሻጋታ አረንጓዴና የዝገት ቡኒ ለአስፈሪ ድባብ ዋናው ሀብት ስለሆኑ በግምት ሊስተካከሉ አይገባም።

ብርሃኑ ከሁሉ ይከብዳል። ወና ቤት በፎቶ የሚያምረው በተሰበረ መስኮት የገባ የፀሐይ ጨረር ወለሉ ላይ ሲያርፍ ነው። ለስካን ግን ያ ጨረር መርዝ ነው፤ ከቴክስቸሩ ጋር ተጋግሮ ይቀራል። በጌሙ ውስጥ ሌሊት ሆኖ፣ ተጫዋቹ ባትሪ ይዞ ሲገባ፣ ወለሉ ላይ የስድስት ሰዓት ፀሐይ ተኝታ ትጠብቀዋለች። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ በ20 ደቂቃ ውስጥ ከመስኮቱ 2 ሜትር የራቀ የብርሃን ክፋይ ከ17 ሴንቲሜትር በላይ ሊገፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሶፍትዌሩ የሁለቱን ሰዓት ፎቶ አማካኝ ወስዶ መናፍስት የመሰለ ነጭ እድፍ ያስቀምጣል። (መናፍስት ፈልገን የለ ወይ የሚል ይኖራል፤ ይህኛው ግን አያስፈራም፣ ያናድዳል።) መድኃኒቱ ደመናማ ቀን መምረጥ፣ ካልሆነ መስኮቱን ከውጭ በነጭ አቡጀዴ መሸፈን ነው። ጨርቁ ፀሐዩን አልስልሶ ለክፍሉ በሙሉ ያዳርሰዋል። ራስ ላይ የሚታሰር መብራትና የካሜራ ፍላሽ አይመከሩም፤ ብርሃኑ ከካሜራው ጋር ስለሚንቀሳቀስ ጥላው በየፎቶው ይለያያል፣ ፍላሹ ደግሞ በአየር ላይ ያለውን አቧራ ነጭ ነጥብ ያደርገዋል። ለጨለማ ምድር ቤት ሁለት የማይንቀሳቀሱ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶችን ወደ ጣሪያ አዙሮ ከትራይፖድ ጋር ማንሳት ይሻላል። ገብታችሁ ቆሻሻ ከረገጣችሁ በኋላም አቧራው እስኪረጋ አሥር ደቂቃ ቁሙ።

ሶፍትዌሩ ውስጥ ሲገባ

የመጀመሪያው ደረጃ አላይመንት ነው፤ ፎቶዎቹ የት ቦታ ሆነው እንደተነሱ ማግኘት። ሪያሊቲስካን ዝናውን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች የሚዘገዩበትን 200 ፎቶ ደህና ካርድ ባለው ኮምፒውተር ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይወርድ ይጨርሰዋል። 2.0 ላይ ነባሪው ቅንብር ተሻሽሏል፤ ቀድሞ ተሰነጣጥቀው ይወጡ የነበሩ ስብስቦች አሁን በአንድ ኮምፖነንት (እርስ በርስ በተያያዘ አንድ ቁራጭ) የመውጣት ዕድላቸው ጨምሯል። ሽፋን የሳሳበትን ቦታ በቀለም የሚያሳየው አዲሱ መመርመሪያም እውነተኛ ጥቅም አለው። ላፕቶፕ ይዞ ሄዶ እዚያው ቦታ ላይ ፈጣን አላይመንት ማስኬድ፣ ቀይ የሆነውን ጥግ ደግሞ ማንሳት፣ ከዚያ መውጣት። ቁልፉን ለማስከፈት ሳምንት የለመናችሁት ዘበኛ ሁለተኛ ጊዜ ላይከፍት ይችላል።

2.0 ይዞት የመጣውና ብዙ የተወራለት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው ማስክ ለዚህ ሥራ ብዙም አይፈይድም። እሱ የሚጠቅመው አንድን ዕቃ ከጀርባው ለመለየት ነው፤ የተሰበረ ወንበር፣ የዛገ አልጋ፣ የተገለበጠ ባልዲ። ለነዚህ ግሩም ነው። ግድግዳ ስካን ሲደረግ ግን ጀርባው ራሱ ዕቃው ስለሆነ አጥፉት።

አላይመንቱ ለሁለት ከተከፈለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው በሩ ነው። ተመልሶ ማንሳት ካልተቻለ በኮንትሮል ፖይንት ይገናኛል፦ በሁለቱም ኮምፖነንት የሚታዩ ቢያንስ ሦስት ነጥቦች ምረጡ (የማጠፊያ ብሎን፣ የምስማር ራስ፣ የልስን ስንጥቅ ጫፍ)፣ እያንዳንዱን በየወገኑ ሁለት ሦስት ፎቶ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ አላይመንቱን ድገሙ። ሦስቱ ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ ከተደረደሩ አይረዱም፤ ተራርቀው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ይበል።

ከዚያ የባሰው ድርብ ግድግዳ ነው። አንዱ ግድግዳ ሁለት ሆኖ፣ በአምስት ሴንቲሜትር ተራርቆ ይወጣል። ይህ የሚመጣው ተመሳሳይ ነገር ከተደጋገመ ነው፦ አንድ ዓይነት መስኮቶች የተደረደሩበት የትምህርት ቤት ኮሪደር፣ ባለ ካሬ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ። ሶፍትዌሩ ሦስተኛውን መስኮት ከአራተኛው ያምታታዋል። ከማንሳታችሁ በፊት በየመስኮቱ ሥር የተለያየ ነገር ጣል ማድረግ (የጋዜጣ ቁራጭ፣ ጡብ፣ ቅጠል) ይበቃል።

መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ብረት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ሸረሪት ድር አይወጡም፤ አትልፉባቸው። አዲስ ቆርቆሮ አይወጣም፣ የዛገ ቆርቆሮ ግን እንደ ጉድ ይወጣል። በመስኮት የገባ ሐረግ ነፋስ ካወዛወዘው ወደ ተቦካ ሊጥ ይቀየራል። እነዚህን በብሌንደር፣ በነፃው የ3ዲ መሥሪያ ፕሮግራም፣ በእጅ መሥራት ያጥራል።

ከአላይመንት በኋላ ሜሹ ይሠራል። ኖርማል የሚለው ደረጃ ፎቶውን በግማሽ አሳንሶ ያሰላል፣ ሃይ ዲቴል ደግሞ በሙሉ መጠኑ። ለግድግዳ ኖርማል በቂ ነው። ሃይ ዲቴል ሰዓቱን አብዝቶ ለተላጠ ቀለም ጠርዝ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ለጥልቅ ስንጥቅና ለፍርስራሽ ክምር ብቻ ተጠቀሙበት። የሚወጣው ሜሽ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ትራያንግል ይኖረዋል። ናናይት (አንሪል ከባድ ሜሽን እንዲሸከም የሚያደርገው ዘዴ) ለሚጠቀም ጌም ለአንድ ግድግዳ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ማውረድ፣ ለስልክ ወይም ናናይት ለሌለበት ከ5 እስከ 10 ሺህ አውርዶ ዝርዝሩን ኖርማል ማፕ (ለስላሳ ገጽን ጎርባጣ አስመስሎ የሚያሳይ ምስል) ላይ ማሳረፍ ጥሩ መነሻ ነው። ሲምፕሊፋይ የሚለው መሣሪያ ይህን በደንብ ይሠራል። የዩ.ቪ. አከፋፈሉ (ቴክስቸሩ እንዲያርፍበት ሜሹን ቆራርጦ ጠፍጣፋ አድርጎ መዘርጋቱ) ግን ደካማ ጎኑ ነው፤ ግድግዳውን እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ይበታትነዋል። ቅርጹን ወደ ብሌንደር ወስዶ በሥርዓት ዘርግቶ፣ መልሶ አስገብቶ ቴክስቸሩን ከመጀመሪያው ሜሽ ላይ እንዲቀዳ ማድረግ ይሻላል።

ቴክስቸሩስ ስንት ይሁን? የ5 በ4 ክፍሉ ግድግዳ 54 ካሬ ሜትር፣ ወለልና ኮርኒሱ 40፣ በድምሩ 94 ካሬ ሜትር ነው። በሜትር 1024 ፒክስል ሲሰላ ወደ 99 ሚሊዮን ፒክስል ይደርሳል። አንድ 8192 በ8192 ምስል 67 ሚሊዮን ይይዛል፤ በዩ.ቪ. መካከል በሚባክነው ባዶ ቦታ ምክንያት 70 በመቶው ብቻ ቢሠራ 47 ሚሊዮን። ስለዚህ ለአንዲት ትንሽ ክፍል ሦስት ባለ 8 ኬ ምስል፤ ለ10 ክፍል 30። ሙሉ ቤት ስካን አድርጎ ማስገባት የማያዋጣበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው።

ኮርኒሱ

አንድ ነገር በቅርብ እንይ። አዲስ አበባ ባሉ የድሮ ቤቶች ኮርኒሱ ብዙ ጊዜ በጣውላ ላይ የተወጠረ አቡጀዴ ነው፣ በኖራ ወይም በቀለም የተቀባ። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ውሃው ጨርቁ ላይ ይቋጥርና ክብ ቡኒ እድፍ ይተዋል። በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ክብ ከመጀመሪያው አልፎ ይሰፋል፣ በዓመቱ ሌላ። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ክረምቶቹን እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ሊቆጥራቸው ይችላል። ከዚያ ጨርቁ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ ሆድ ያወጣል፣ አይጥ የሮጠችበት መንገድ ከሥር ይታያል። አንድ ጥግ ምስማሩ ሲለቅ ደግሞ ጨርቁ ተንጠልጥሎ ከላዩ ያለውን ጨለማ ያሳያል። ለአስፈሪ ጌም ከዚህ የበለጠ ዕቃ የለም፤ ተጫዋቹ ሳይነገረው ከላይ የሆነ ነገር እንዳለ ያስባል።

ሪያሊቲስካን እድፉን በሚያስደንቅ ጥራት ይይዘዋል። ጨርቁን ግን አይችለውም፤ በር ሲከፈት በሚገባው ነፋስ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳልና ሜሹ ላይ እብጠትና ጉድጓድ ይሞላል። የሚሻለው ሁለቱን መለየት ነው፦ ከስካኑ ቴክስቸሩን ብቻ ውሰዱ፣ ኮርኒሱን በብሌንደር የጨርቅ ሲሙሌሽን አራት ጎኑን ሰክታችሁ መሃሉን አርግቡት፣ ከዚያ እድፉን አልብሱት። ረግቦ ዝቅ ያለው ቦታ ከእድፉ መሃል ጋር ይግጠም፤ ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነዋ። ይህን ሳያስተውሉ እድፉን ጥግ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ተጫዋቹ ምክንያቱን ባይናገረውም የሆነ ነገር እንደማይገጥም ይሰማዋል።

ለሌላውም ያው ነው። ግድግዳ ላይ የቀረ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን፣ ሥዕል ወይም የቀን መቁጠሪያ ለዓመታት ተሰቅሎ የነበረበት። በር ዘወትር የታሸበት የወለል ቅስት። ከአልጋው እስከ በሩ የጣውላው ቀለም የሳሳበት የእግር መንገድ። እነዚህን ስካን አድርጉ። ቀሪውን፣ ማለትም ክፍሉን፣ ኮሪደሩንና የደረጃውን ስፋት፣ በእጃችሁ ገንቡት፤ ጌም የሚፈልገው የኮሪደር ርዝመትና መታጠፊያ የእውነቱ ቤት ካለው ጋር ስለማይገጥም። ስለዚህ ከስካኑ ፎቶዎች ሌላ 30 ያህል የመነሻ ፎቶዎች ያንሱ፦ በዓይን ከፍታ፣ ከበር ላይ ሆኖ ወደ ውስጥ፣ ከኮሪደር ጫፍ፣ እዚህ ላይ የፀሐዩን ጨረር ጨምሮ። እነዚህ ሜሽ አይሠሩም፣ መብራቱን ስታስቀምጡ ግን የምትመለከቱት እነሱን ነው።

አንሪል ውስጥ የሚገጥመው

መጀመሪያ የሚያስደነግጠው መጠኑ ነው። ስካኑ በሜትር ተለክቶ ሲወጣ አንሪል ደግሞ አንዱን አሃድ 1 ሴንቲሜትር ብሎ ስለሚቆጥር ክፍሉ የክብሪት ሳጥን ሆኖ ይገባል። ሲላክ በ100 ማብዛት ይበቃል። ለዚህ ግን ስካኑ ራሱ እውነተኛ ልኬት ሊኖረው ይገባል፤ ባለ 1 ሜትር ዘንግ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጣችሁ አንሱ፣ ሁለቱን ጫፍ በኮንትሮል ፖይንት ያዙና ርቀቱን ጻፉ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው ሳምንት የሚፈጅበት ነው። ስካን የተደረገ ግድግዳ ውፍረት የለውም፤ እንደ ቅርፊት ነው። ሉሜን (የአንሪል የብርሃን ማስሊያ) ደግሞ ከ10 ሴንቲሜትር በታች በሳሳ ግድግዳ ብርሃን ያሳልፋል፤ በተጨማሪም ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ በአንድ ሜሽ ከተጣበቁ ውስጡን በትክክል ማስላት አይችልም። ውጤቱ ጨለማ መሆን ያለበት ክፍል በየጥጉ የሚያበራ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ስካኑን በአራት ግድግዳ፣ በወለልና በጣሪያ ቆራርጦ መላክ፣ ከእያንዳንዱ ጀርባም 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ተራ ሳጥን ማቆም ነው። ተጫዋቹ የሚጋጨውም ከሳጥኑ ጋር ይሁን፤ የፍርስራሹን ዝርዝር ሜሽ ለግጭት ከተጠቀማችሁ እግሩ በየጠጠሩ ይያዛል።

ሦስተኛው የራስ ሰር ብርሃን ማስተካከያው ነው። አንሪል ጨለማ ክፍል ሲያገኝ እንደ ሰው ዓይን እያለመደ ያበራዋል፤ ደክማችሁበት የሠራችሁት ጭርታ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ግራጫ ይሆናል። በፖስት ፕሮሰስ ቮልዩም ውስጥ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ኤክስፖዠር እኩል አድርጋችሁ ቆልፉት።

መደጋገምም አለ። አንድ ልዩ እድፍ ሁለት ክፍል ውስጥ ከታየ ተጫዋቹ ያውቀዋል፣ ያን ጊዜ ቤቱ ቤት መሆኑ ያበቃል። ታዋቂውን ምልክት ከግድግዳው አጽድታችሁ ለብቻው ዲካል (ግድግዳው ላይ እንደ ተለጣፊ የሚቀመጥ ምስል) አድርጉት፤ ግድግዳው የትም ይደገም፣ ዲካሉ አንድ ቦታ ብቻ ይለጠፍ።

ሌሎቹስ?

ኤንቪዲያ ካርድ ለሌለው ወይም ማክ ለሚጠቀም ሰው አጊሶፍት ሜታሼፕ አለ፤ መደበኛው ቅጂ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ 179 ዶላር ነው። ይዘገያል፣ ጥራቱ ግን አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የፖላንዶቹ ዘ ቫኒሺንግ ኦፍ ኢታን ካርተር በዚሁ ሶፍትዌር የያኔው ቅጂ፣ ፎቶስካን፣ ተሠርቷል። ጌሙ አሜሪካ ውስጥ እንደሆነ ይተረካል፤ ስካን የተደረጉት ግን የፖላንድ ድንጋዮችና ሕንፃዎች ናቸው። ስካኑን እንደ ጡብ ቆጥሮ ሌላ ቦታ መገንባት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። የዚያው አገር ዘ ፋርም 51 በ2021 ያወጣው ቼርኖቢላይት በተቃራኒው የቼርኖቢልን ክልል ራሱን ስካን አድርጎ ተመሥርቷል፤ ፕሪፕያት ሰው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1986 ለቆት የወጣ ከተማ ስለሆነ ቦታው ራሱ ታሪኩ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ ታማኝነት ዋጋ አለው። ለተራ ወና ቤት ግን የመጀመሪያው መንገድ ይሻላል።

ሜሽሩም ነፃና ክፍት ምንጭ ነው፤ ለመማር ይሆናል፣ ለ200 ፎቶ ክፍል ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፈቃድ፣ ደህንነትና የሰው ገመና

ወና ቤት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው አሮጌ የባቡር መስመር ላይ፣ አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት ጭር ያሉ ጣቢያዎች ለዚህ ሥራ የሚያስጎመጁ ናቸው፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ግን ደብዳቤ ሳይዙ ካሜራ ማውጣት ጣጣ ያመጣል። ድሮን ደግሞ ያለ ፈቃድ አይታሰብም። ለጣሪያ ስካን የ5 ሜትር ዘንግ ላይ የታሰረ ካሜራ ይበቃል። የሌሊት ወፍ ኩስ ያለበት ክፍል ያለ አፍ መሸፈኛ አይገባም፤ የጣውላ ወለል ላይ ምስማር የተደረደረበትን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፣ ከሥሩ ተሸካሚው ያለው እዚያ ነው። ብቻችሁንም አትግቡ።

የመጨረሻው ስካኑ ውስጥ የሚቀረው ጽሑፍ ነው። ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ለጌም ያምራል፤ 2 ሚሊሜትር ቁመት ያለው የጋዜጣ ፊደል በሜትር 2000 ፒክስል ሲነሳ 4 ፒክስል ብቻ ስለሚሆን ርዕሱ እንጂ ሐተታው አይነበብም። በእርሳስ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር ግን 2 ሴንቲሜትር ቁመት ካለው 40 ፒክስል ነው፣ ወደ 1024 ሲወርድም 20 ይቀረዋል፤ ተጫዋቹ ቆሞ ሊደውልበት ይችላል። የልጆች ስም ከነቁመታቸው በር መቃን ላይ ተጭሮም ይገኛል። ቴክስቸሩ ከመላኩ በፊት በብሌንደር ክሎን ብሩሽ ከጎኑ ያለውን ልስን ቀድታችሁ ስሙን ሸፍኑት፤ ጭረቱን ብቻ፣ ቁመት የለኩበትን አግድም መስመር፣ ተዉት።